መደገፊያው የተነሳበት ቀን

አናጢው ብስክሌት መንዳት አያውቅም። ልጅ ሆኖ ሳይማር ቀረ፤ ካደገ በኋላ ደግሞ ሰው ፊት መውደቅ አሳፈረው። ቢሆንም በሰፈሩ ከብስክሌተኞች ጋር እንደሱ የተጨቃጨቀ፣ እንደሱም የተላመደ ሰው አልነበረም። ያጣላውም ያላመደውም ሥራው ነው። ከሰፈሩ ተነስቶ በወንዙ ዳር፣ በዛፎች ጥላ ሥር የሚሄደው መንገድ ረግረጉ ጋ ሲደርስ አፈሩን ትቶ ሳንቃ ላይ ይወጣል። ሳንቃው በእንጨት ቋሚዎች ላይ ተዘርግቶ፣ ግራና ቀኙ መደገፊያ ተበጅቶለት፣ ረግረጉን አቋርጦ ማዶ ገበያው፣ ጤና ጣቢያውና መድኃኒት ቤቱ ካሉበት ያደርሳል። መኪና አይገባበትም። እግረኛና ብስክሌተኛ ግን ጠዋት ማታ ይፋጩበታል።

የአናጢው ሥራ ይህን ሳንቃ በሕይወት ማቆየት ነው። ሳንቃ ሲበሰብስ ከላይ አያስታውቅም፤ ከሥር ነው የሚጀምረው። እሱ በተረከዙ መታ መታ እያደረገ ይሄዳል። ጤነኛው ጠንካራ ድምፅ ይመልስለታል፤ የታመመው እንደ ባዶ ቅል "ዶፍ" ይላል። "ዶፍ" ባለው ላይ በጠመኔ ጭረት አድርጎበት ያልፍና ከሰዓት ተመልሶ ይነቅለዋል። ብቅ ያለ ምስማር ካየ እዚያው ተንበርክኮ ይመታዋል። ጠቡን ሁሉ የሚሰማው እንዲህ እንደተንበረከከ ነው።

"አባባ፣ መንገድ ይልቀቁ እንጂ" ይላል አንዱ ብስክሌተኛ፣ ሽማግሌ እግረኛ ላይ ደርሶ።

"የት ልልቀቅልህ? ውሃው ውስጥ?"

"ታዲያ እኔ ልግባ?"

"ብትገባማ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር።"

እግረኛው ብስክሌተኛውን "ገዳይ" ይለዋል፤ ብስክሌተኛው እግረኛውን "ግንድ"። ከዚያ ሁለቱም ወደ አናጢው ይዞሩና "አንተ ፍረድ" ይሉታል፤ መዶሻ የያዘ ሁሉ ዳኛ ይመስል።

በመጨረሻ ፈረደ። ብስክሌተኛ ከፊቱ እግረኛ ሲያይ ሁለት ጊዜ ይደውላል። እግረኛ ደወል ሲሰማ ወደ ቀኙ መደገፊያ ተጠግቶ ያሳልፋል። ይህን በሰሌዳ ጽፎ መግቢያው ላይ ቸነከረው፤ ያነበበው ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ በእጁ ማስተማር ጀመረ። ሳይደውል የሚመጣ ብስክሌተኛ ካየ፣ ካለበት ሆኖ ቀኝ እጁን ሽቅብ ያነሳና ገመድ እንደሚጎትት ሰው ይነቀንቀዋል። ደውል ማለቱ ነው። እየሳቁም ቢሆን ይደውሉለታል። ስሙንም በዚያው "ጋሽ ደወል" አሉት። ተቆጥቶ ነበር፤ ኋላ ግን ለመደው።

ከብስክሌተኞቹ ሁሉ ሁለቱን አበጥሮ ያውቃቸዋል። አንዷ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ወጣት ናት። ከሰዓት ተረኛ ስትሆን ከሰፈር ተነስታ በሳንቃው ላይ ታልፋለች። ሰው ሳታይ እንኳ መታጠፊያው ጋ ትደውላለች፤ እሱ እጁን ካነሳላት ደግሞ ለሱ ስትል ትደግማለች። "እንደሷ ሁኑ" እያለ ሌሎቹን ይገስጽባታል። ሌላው ዕቃ የሚያደርሰው "ጥይቱ" ነው። ሚስትና ልጆች ያሉት ጎልማሳ ነው፤ ኮርቻው ላይ ሲወጣ ግን ልብ የለውም። ብስክሌቱ ላይ ደወል የለም። "ደወል ክብደት ነው" ይላል። ባለፈው ሳምንት አናጢው በተነቀለ ሳንቃ መንገዱን ዘግቶ አቁሞት ሰው ሁሉ እስኪሰበሰብ ተሰዳድበዋል።

አናጢው ለደወሉ ነገር እንዲህ የሞተለት ለሰፈሩ ሰላም ብቻ ብሎ አልነበረም። ቤቱ ውስጥ አማቱ አሉ።

የአማቱ ዓይን ከዳር እየጨለመ መጥቶ አሁን ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። ልጃቸው፣ የሱ ሚስት፣ በሕይወት ሳለች ማታ ማታ ክንዳቸውን ይዛ ሳንቃውን ታሻግራቸው ነበር። ባለፈው ዓመት ሞተች። ሰው "መካከለኛዋ ከሌለች አማችና አማት ምን ያኗኑራቸዋል?" አለ። ወንድ ልጃቸው ሊወስዳቸው ከሩቅ ከተማ መጣ። ሻንጣቸውን ከአልጋ ሥር ሲጎትት ሰምተው፣

"መልስ፤ አልሄድም" አሉት። "እዚህ ቢያንስ ከማን ጋር እንደምጣላ አውቃለሁ።"

እንዲሁ ቀሩ። ስለ ሟቿ ብዙ አያወሩም። እሱ ሳህኖቹን ባልሆነ ቦታ ሲያስቀምጥ "እሷ እዚያ አልነበረም የምታኖረው" ይሉታል፤ እሱም አንስቶ በቦታው ያደርገዋል። ንግግራቸው ያ ነው።

ከሐዘኑ በኋላ ክንዳቸውን ይዞ ሊያሻግራቸው ሲሞክር እጁን ከላያቸው አራገፉት።

"አንተ ሰው፣ እጄን የያዝከኝ ቀን ጆንያ ሆንኩ ማለት ነው። ጆንያ ደግሞ ቤት ነው የሚቀመጠው።"

"ቢወድቁብኝስ፣ እማማ?"

"መንገዱን እንዳልወድቅበት አድርገህ ሥራው። አናጢ አይደለህ?"

ሠራው። መደገፊያውን ከዳር እስከ ዳር በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ ስንጥር እንዳይወጋቸው። ከአሮጌ ብስክሌት ደወል ፈትቶ በእጁ ያዘና ከኋላቸው እየሄደ፣ አንዴ ከቅርብ አንዴ ከሩቅ እየደወለ አለማመዳቸው። ደወል ወይም ጎማ ሲሰሙ ወደ ቀኝ፤ እጅ መደገፊያው ላይ፤ እስኪያልፍ ቆም። መጀመሪያ ይሰናከሉ ነበር። እየቆየ ግን ሰውነታቸው ከሐሳባቸው ቀድሞ መታዘዝ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ይወጣሉ፣ ብቻቸውን ይመለሳሉ። ሲመለሱ ፊታቸው የሌላ ሴት ፊት ይመስለዋል፤ በዕድሜ ያነሰች ሴት።

የዚያን ቀን ቀትር ላይ አናጢው መታጠፊያው ጋ፣ ከሰፈር ሲመጡ በቀኝ ያለውን መደገፊያ ሲነካው ተወዛወዘ። ቋሚው ብሎኑ የገባበት ጋ በስብሶ ነበር። ቦታው ደግሞ ከሌላው ሁሉ የከፋ ነው፤ ከሥሩ የወንዙ ዋና ውሃ ያልፋል፤ ከውሃው ውስጥ የድሮው ድልድይ ግንዶች ጫፋቸው ሾሎ ይታያል። ልጅ ቢደገፈው እንኳ ይዞት ይሄዳል ብሎ ፈታና አነሳው። በቦታው ገመድ ወጠረበት፤ ገመዱ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረ። አዲሱን ቋሚ ሊተክል ሲያነሳው መጥመሙን አየ። መላግ አለበት። መላጊያው ያለው ማዶ፣ ወርክሾፑ ውስጥ ነው።

መንገዱን ከሁለቱም ጫፍ መዝጋት ነበረበት። ያውቃል። ነገር ግን ባለፈው ወር ሲዘጋ እግረኛውም ብስክሌተኛውም አንድ ሆነው ጮኸውበት፣ አለቃው ቢሮ ጠርቶ "ለግማሽ ሰዓት ሥራ ሕዝብ አታስቁም" ብሎት ነበር። ገመዱን አየ። ቀዩን ጨርቅ አየ። የማያይ ሰው የለም አለ በልቡ። አማቱ የሚወጡት ቀኑ ሲበርድ ነው፤ ከዚያ በፊት ይጨርሳል። ደርሶ መመለስ ነው ብሎ ቋሚውን ተሸክሞ ሄደ።

ወርክሾፑ ውስጥ መላግ ሲይዝ ጊዜው ሸሸበት። እንጨቱ እርጥብ ስለነበር መላጊያው እየነከሰ አስቸገረው። ሰማዩ መዳመኑን በመስኮቱ ያየው ግማሹን እንኳ ሳይልግ ነው። ለማንኛውም ብሎ ቤት ደወለ። ስልኩን ያነሳችው በረንዳቸው ላይ የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ የምትሰፋው ጎረቤት ናት።

"እማማን አቅርቢልኝ። ዛሬ እንዳይወጡ።"

"ኧረ ወጥተዋል።"

"የት?"

"መንገዳቸውን ነዋ። ዝናብ ሸተተኝ፣ ሳይመጣ ደርሼ ልመለስ ብለው ቀደም አሉ። ምነው?"

 መላጊያውን ጥሎ ወደ ደጅ ሮጠ።

ከወርክሾፑ ደጅ ረግረጉ ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል። ከማዶ፣ ከሰፈሩ በኩል፣ ነጭ ሻሽ በሳንቃው ላይ ቀስ እያለ ይመጣል። መታጠፊያው ሊደርሱ ጥቂት ቀርቷቸዋል። እሱ ከመታጠፊያው እጥፍ ይርቃል። ያኔ ነው ቀዩ ጨርቅ ምን እንደሆነ የገባው። ጨርቁን ያሰረው ለዓይን ነው። አማቱን ግን በጆሮ እንዲሄዱ ያስተማራቸው እሱ ራሱ ነው፤ ጆሯቸው ደግሞ ወደ ቀኝ፣ ወደ መደገፊያው ይልካቸዋል።

"እማማ።"

ነፋሱ ከማዶ ወደሱ ይነፍሳል። ድምፁ ከአፉ ሳይርቅ ተመለሰ። ደግሞ ጮኸ። ሻሹ አልቆመም።

ከኋላው ጎማ ሲንሸራተት ሰማ። ጥይቱ ነው፤ ከኮርቻው ኋላ ባዶ የዕቃ ሳጥን አስሮ ወደ ሳንቃው ሊገባ ነው። አናጢው ዘሎ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠው።

"ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋሁ ጋሽ ደወል? ልቀቅ፣ ሥራ አለኝ።"

"አማቴ።" በአገጩ ወደ ነጩ ሻሽ ጠቆመ። "መታጠፊያው ላይ መደገፊያ የለም። እኔ ነኝ ያነሳሁት። ደወል ከሰሙ ውሃው ውስጥ ነው የሚገቡት።"

ጥይቱ ማዶውን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ፌዝ ጠፋ።

"ሳጥኑ ላይ ውጣ።"

"አደራህን፣ እንዳትደውል።"

"እኔ መቼ ደውዬ አውቃለሁ? ውጣ ብዬሃለሁ።"

አናጢው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ብስክሌት ላይ ወጣ። የጥይቱን ወገብ እንደ ግንድ አቀፈው። ሳንቃዎቹ፣ አንድ በአንድ የቸነከራቸው ሳንቃዎች፣ ከሥሩ እንደ ከበሮ አስተጋቡ። ዓይኑን ከነጩ ሻሽ ላይ አልነቀለም። ሻሹ ዝቅ ከፍ እያለ፣ ማንንም ሳይጠብቅ ይመጣል። አማቱ እንደ ወትሮው ዱላቸውን በግራ ይዘው ቀኛቸውን ባዶ አድርገዋል። መደገፊያውን ሁልጊዜ ይዘው አይሄዱም፤ ሲያስፈልግ ብቻ ነው እጃቸውን የሚሰዱት። በዚህ ይኮሩ ነበር።

ከዚያ ሌላ ነገር ታየው። ጎማ ራሱ ይሰማል። ጥይቱ ባይደውል እንኳ ይህ ሁሉ የሳንቃ ድምድምታ ደወል ማለት ነው። እንዲህ እየተንደረደሩ ከደረሱባቸው የሚገፏቸው እነሱ ራሳቸው ናቸው።

"አቁም።"

"ምን?"

"ቀስ። ቀስ ብለህ አቁም። ጎማውን ሳይሰሙ።"

ጥይቱ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ያዘ። ብስክሌቱ እያቃሰተ ቆመ። አናጢው ወርዶ በእግሩ ሮጠ። ሲሮጥ ግን ከአማቱ ኋላ ቢጫ የዝናብ ልብስ አየ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ናት። ነፋሱ ከኋላ ሆኖላት ፔዳሉን ሳትመታ ትንሳፈፋለች። ነፋሱ እየጮኸ ስለነበር አማቱ ገና አልሰሟትም። ሁልጊዜ የምትደውልበት ቦታ ልትደርስ ነው።

ቁሚ ሊላት ፈለገ። ድምፅ እንደማይደርስ ያውቃል። እጁን ሽቅብ አነሳና ባለ በሌለ ኃይሉ ነቀነቀው።

ልጅቷ አየችው። እጇን አንስታ ሰላም አለችው። ከዚያም ጋሽ ደወል እጁን ሲያነሳ ሁልጊዜ እንደምታደርገው፣ ለሱ ስትል፣ ሁለት ጊዜ ደወለች።

ነፋሱ ደወሉን ጥርት አድርጎ አመጣለት። ነጩ ሻሽ ወደ ቀኝ ዘወር ሲል አየ። ከዚያ ሸምበቆው ጋረደው። መታጠፊያው ዙሪያ ሸምበቆው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ሊያጭደው አስቦ ስንት ጊዜ ለነገ ያለው ሸምበቆ። ከሸምበቆው ወዲያ ሴት ጮኸች። ቀጥሎ አንድ ከባድ ነገር ውሃው ውስጥ ገባ።

አናጢው እግሩ አልቆመም፤ የሚያዘው ሰው ግን አልነበረም። ውሃው ላይ የወደቀው ነገር ድምፅ ጆሮው ውስጥ ቀርቷል። ከዓመት በፊት፣ ሚስቱ የሞተች ዕለት፣ ሐኪሙ ከክፍሉ ወጥቶ መነጽሩን ያወለቀ ጊዜ እንዲሁ እግሩ ከሱ ተለይቶ ብቻውን ሄዶ ነበር። ከግድግዳ ጋር ነበር ያጋጨው።

መታጠፊያውን ዞረ።

ውሃው ውስጥ ያለው ብስክሌት ነው። አንዱ ጎማ ሽቅብ ሆኖ፣ በድሮው ድልድይ ግንድ ላይ ተሰክቶ ይሽከረከራል። ብስክሌቷን ጥላ የዘለለችው የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ሳንቃው ላይ በሆዷ ተኝታ፣ ሁለት እጇን ከዳር አውርዳ የአማቱን ሹራብና ክንድ ይዛለች። አማቱ ከወገባቸው በታች አየር ላይ ናቸው። አንድ እጃቸው የላላውን ገመድ ጨብጧል፤ ቀዩ ጨርቅ በጣቶቻቸው መካከል ወጥቷል። አይጮሁም። ከንፈራቸውን ነክሰው እግራቸው የሚያርፍበትን ይፈልጋሉ።

"አይንቀሳቀሱ። እማማ፣ አይንቀሳቀሱ።"

"መጣህ?" አሉ፤ ከሥራ ሲገባ እንደሚሉት።

ተንበርክኮ በብብታቸው ያዛቸው። ጥይቱም ደርሶ መቀነታቸውን ጨበጠ። ሦስቱ ሆነው ሲስቡ ከሹራቡ አንድ ነገር ተቀደደ፤ ከዚያ አማቱ ሳንቃው ላይ ነበሩ፤ ጀርባቸውን ለግራው መደገፊያ ሰጥተው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ እየተነፈሱ። የቀኝ እጃቸው አንጓ ማበጥ ጀምሯል። ጉልበታቸው ተፍቋል። ሌላ ነገር አልነበረም። አናጢው ደግሞ ደጋግሞ ዳሰሳቸው፤ ሌላ ነገር አልነበረም።

መጀመሪያ የተናገረችው ልጅቷ ናት። ታለቅሳለች።

"እኔ ነኝ። ደወልኩኝ። እጁን ሲያነሳ አይቼ..."

"አንቺ አይደለሽም" አለ አናጢው።

አማቱ ባበጠው እጃቸው አየሩን ዳሰሱ፤ ቀድሞ እንጨት የነበረበትን።

"መደገፊያው የት ሄደ?"

 ጥይቱ ጫማውን ማየት ጀመረ።

"አነሳሁት" አለ አናጢው። "በስብሶ ነበር። አዲሱን ስልግ ቆየሁ።"

"መንገዱንስ ለምን አልዘጋህም?"

"ደርሼ እመለሳለሁ ብዬ።"

"ሲሮጡ የታጠቁት..." ብለው ጀመሩና ተዉት።  "ገመድ አስረህ ነበር አይደል?"

"ቀይ ጨርቅም አድርጌበት ነበር።"

አማቱ ሳቁ። ደስ የማይል ሳቅ ነበር፤ ማሳል ሆኖ አበቃ። "ቀይ ነው እንዴ" አሉ።

ይህን ሲሰማ አናጢው እንባውን መያዝ አቃተው። ለሚስቱ ቀብር እንኳ እንዲህ አላለቀሰም። አማቱ ሰሙት፤ ነገር ግን እጃቸውን አልዘረጉለትም፣ ዝም በልም አላሉትም። ጠበቁት፤ አንድ ሰው ዕቃውን ጠቅልሎ እስኪጨርስ እንደሚጠበቅ።

ከገበያው በኩል ሌላ ብስክሌተኛ መጣ። ጥይቱ ሳይታዘዝ ሄዶ መንገዱ መሃል ተገተረ።

"ዝግ ነው።"

"ማነህ ደግሞ አንተ?"

"የመንገዱ ሚዜ። ውረድና ተመለስ ወንድሜ፣ ነገር አታብዛ።"

አናጢው ፊቱን በክንዱ ጠረገ።

"ከእንግዲህ ብቻዎን አይወጡም" አለ።  "እኔ ነኝ የማወጣዎት። ሥራዬን ትቼም ቢሆን። እሺ ይበሉኝ።"

አማቱ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ። አናጢው ፈራ። ከወደቁበት ጊዜ ይልቅ አሁን ፈራ፤ እሺ የሚሉ መስሎታል። እሺ ካሉ ነገ ከነገ ወዲያ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የሚያገኛቸውን ሴትዮ አየ፤ ሳህን የት እንደተቀመጠ እንኳ የማይጠይቁ፤ በቤቱ ውስጥ የሚጣላው ሰው አይኖርም። እምቢ ካሉ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ መዶሻ ባነሳ ቁጥር ልቡ ሳንቃው ላይ ነው። የትኛውን እንደሚፈልግ ለራሱም አላወቀም።

"አንሱኝ" አሉ በመጨረሻ።

ልጅቷና እሱ አነሷቸው። እግራቸው ሲጸና የሁለቱንም እጅ አስለቀቁ።

"ዱላዬን።"

አቀበላቸው።

"ክፍቱ ከየት ነው የሚጀምረው?"

"እዚሁ ከፊትዎ ነው፣ እማማ። ተዉት፣ እኔ ልያዝዎት..."

"ከየት እስከ የት ነው ነው ያልኩህ።"

ነገራቸው። በዱላቸው ጫፍ የሳንቃውን ዳር ፈለጉ። ዱላው ከእንጨቱ ወርዶ ባዶው ላይ ሲንጠለጠል ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። አማቱ ዱላቸውን በዳሩ ላይ እየጎተቱ፣ መደገፊያው ከቆመበት እስከሚያልቅበት፣ ከሚያልቅበት እንደገና እስከሚጀምርበት ለኩት። ከዚያ ወደ ግራ ተሻገሩ፤ ጤነኛ እጃቸው የግራውን መደገፊያ አገኘ። ዱላቸውን በብብታቸው ሸጎጡት።

"ጤና ጣቢያው ወደፊት ነው አይደል?"

"ወደፊት ነው።"

"እንግዲያ ተከተለኝ። አጠገቤ አይደለም፤ ከኋላ።"

ሄዱ። እርምጃቸው ከወትሮው ያጠረ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሳንቃ በፊት እግራቸው ይጠይቃል። ጥይቱ ያስቆመው ብስክሌተኛ ሲያያቸው ወርዶ ጥጉን ያዘ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ብስክሌቷን ውሃው ውስጥ ትታ ከሁሉም ኋላ ትከተላለች። አናጢው ከአማቱ አንድ እርምጃ ርቆ፣ ሁለት ክንዱን ከጎንና ጎናቸው ዘርግቶ፣ ሳይነካቸው ይሄዳል። 

"እጅህን ሰብስብ" አሉት፤ ዞር ሳይሉ።

ሰበሰበ። ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ከኋላቸውም ሄደ።